ሴቭ አድርገን የጠፋንባቸው ጌሞች

(በጌም ወዳጆች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከቀረጻው ላይ ገልብጬዋለሁ፤ የነካካሁት ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።)

ሰላም ለሁላችሁም! እንደምን አመሻችሁ? ከኋላ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ።

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ለኔ ማይክ ሰጥቶ «ስለ ጌም የፈለግኸውን አውራ» ማለት ድፍረት ነው። ቤቴ ውስጥ እንዲህ የሚለኝ ሰው የለም። (ሳቅ)

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ባለፉት ጥቂት ወራት አንድ ጌም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጨረሰ እጁን ያውጣ። ደህና፣ የተወሰናችሁ አላችሁ። አሁን ደግሞ ጀምሮ ግማሽ ላይ የተወው ጌም ያለው። አያችሁ? አያችሁ አይደል? እንዲያውም ሁለት እጁን ያወጣ ሰው አለ! (ሳቅ)

ዛሬ የማወራው ለእናንተ ለሁለተኞቹ ነው። ሦስት ነጥብ ይዣለሁ። አንደኛ፣ ጌም የሚያልቀው የት ነው? ሁለተኛ፣ ለምን ግማሽ ላይ እንተዋለን? ሦስተኛ፣ መተው ካልቀረ እንዴት እንተው? ሁለተኛው ላይ እንደምቆይ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ሰዓት የያዝከው ወንድሜ፣ ታገሰኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ።

በጥንቱ ዘመን ጌም ማለቂያ አልነበረውም። ስፔስ ኢንቬደርስ በ1978 ወጣ፣ ፓክማን በ1980 ወጣ። ሳንቲም ትከታላችሁ፣ ትጫወታላችሁ፣ ትሞታላችሁ። ደግሞ ሌላ ሳንቲም። «ጨረስኩት» የሚባል ነገር የለም። ማሽኑ የተሠራው እናንተ እንድትሸነፉ ነው።

ፓክማን ግን ሠሪዎቹ ሳያስቡት ማለቂያ አገኘ። የደረጃው ቁጥር የሚቀመጠው በአንድ ባይት ነው። አንድ ባይት ደግሞ ከ0 እስከ 255 ነው የሚቆጥረው። 256ኛው ደረጃ ላይ ስትደርሱ ቆጠራው ይዛባል። የስክሪኑ የቀኝ ግማሽ በፊደልና በቁጥር ቅራቅንቦ ይሞላል። ደረጃውን ለማለፍ የሚበቃ ነጠብጣብ አይገኝም፤ ስለዚህ ማንም አያልፈውም። እንግዲህ ይሄ መጨረስ ነው? ወይስ መበላሸት?

ቴትሪስም እንደዚያው ነው። በ1989 ለኒንቴንዶ የወጣውን ማለቴ ነው። 29ኛው ደረጃ ላይ ብሎኮቹ ሲወርዱ ዓይን አይከተላቸውም። ለብዙ ዓመት «የሰው ልጅ ከዚህ አያልፍም» ተብሎ ተደመደመ። ከዚያ ተጫዋቾች ኮንትሮለሩን ከጀርባው በጣቶቻቸው እያንከባለሉ መምታት ጀመሩና ደረጃው ተደረመሰ። በዲሴምበር 2023 አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ 157ኛ ደረጃ ደረሰ። ጌሙ ደርቆ ቀረ። ሃንግ አደረገ! 34 ዓመት ሙሉ ሰውን ሲያሸንፍ የኖረ ጌም በልጅ እጅ ተንበረከከ። ያን ቪዲዮ ያላየ ካለ ዛሬ ማታ ይየው።

በ1985 የወጣ ጎስትስ ኤን ጎብሊንስ የሚባል ጉድም አለ። ከባድ ነው፣ አንጀት ያቃጥላል። ጥርሳችሁን ነክሳችሁ መጨረሻው ጋ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ምን ይላችኋል? «ይሄ የሰይጣን ወጥመድ ነው» ብሎ ወደ መጀመሪያው ይመልሳችኋል። ጌሙ በእውነት የሚያልቀው ሙሉውን ሁለት ጊዜ ከተጫወታችሁት ነው። ሠሪዎቹን ባገኛቸው የምላቸው ነበረኝ። ሆድ ይፍጀው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ዘመን ማሽኑ ከጠፋ ሁሉም ነገር ጠፋ። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን ማታ ላይ አጥፍታችሁ ከተኛችሁ ጠዋት የምትነሡት ከአንደኛው ደረጃ ነው። ፓስወርድ በወረቀት የሚያጽፉትን ለጊዜው እንተዋቸውና፣ ነገሩን የቀየረው ሴቭ፣ ማለትም የደረሳችሁበትን ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያው ዜልዳ በ1987 አሜሪካ ሲገባ ካሴቱ ውስጥ ትንሽዬ ባትሪ ነበረችው። ካሴቱን ብትነቅሉትም እሷ ሴቫችሁን ትይዛለች።

ትልቅ ነገር ነው። ረጅም ጌም መሥራት የተቻለው በሷ ነው። ግን ከሷ ጋር ሌላም ነገር መጣ። ግማሽ ላይ የተተወ ጌም የተወለደው ያኔ ነው! ከዚያ በፊት ወይ ትጫወታለህ፣ ወይ አትጫወትም። ከሴቭ በኋላ ግን ሦስተኛ ነገር መጣ፦ «እመለስበታለሁ»። ወገኖቼ፣ ዛሬ ከኔ ጋር የምትይዙልኝ ይቺን ቃል ነው። «እመለስበታለሁ»። ብዙዎቻችን ጌም ትተን አናውቅም። እመለስበታለሁ ብለን ነው የጠፋነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ለምን?

«ጊዜ የለኝም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አላምናችሁም። (ሳቅ) ጊዜ የሌለው ሰው በዚያው ሰሞን አዲስ ጌም ዳውንሎድ አያደርግም። ጊዜውስ አለ። ሌላ ነገር ነው ያስመለጠን።

አንዱ ምክንያት ግድግዳ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ያደግነው በአንድ ኮምፒውተር ነው። ጂቲኤ ቫይስ ሲቲ። ያቺን የአሻንጉሊት ሄሊኮፕተር ሚሽን የምታውቁ አላችሁ? (ጩኸት) አላልኳችሁም! የጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ቶሚ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ትንሿን ሄሊኮፕተር በሪሞት ያበራል። በግንባታ ላይ ያለ ሕንጻ ውስጥ አራት ቦምብ ማስቀመጥ አለባችሁ። ቦምቡ አንድ በአንድ ነው የሚጫነው። ሰዓቱ ይቆጥራል። ሠራተኞቹ እየሮጡ መጥተው ይቀጠቅጧታል፣ ዘበኞቹ ይተኩሱባታል፣ የሕንጻው መወጣጫ ጠባብ ነው። ኪቦርዱ ደግሞ እንኳን ለሄሊኮፕተር ለመኪናም አይመች። ወንድሜ ከንፈሩን ነክሶ ሦስተኛውን ቦምብ አድርሶ ለአራተኛው ሲመለስ ክንፏ ግድግዳ ይነካል። ከዚያ ትሽከረከራለች። ከዚያ እንደምታውቁት ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል። «አንተ፣ ያቺን ሄሊኮፕተር ልጨርስልህ?» ስለው ስልኩን ይዘጋብኛል።

የዘንድሮ ሰው ደግሞ ግድግዳው ሲልክሶንግ ነው። ከ2019 ጀምሮ ስንጠብቀው ኖርን፣ በሴፕቴምበር 2025 ወጣ። የሆሎው ናይትን ቀጣይ ለመጫወት ስንቱ ሥራ ቀርቷል! ገና ሲጀመር ያላችሁ ነፍስ አምስት ነው፤ ብዙ ጠላት ግን በአንድ ምት ሁለት ይወስዳል። የመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ በሩን የምትጠብቅ አንዲት ቦስ፣ ማለትም ከሌሎቹ የከበደች ጠላት አለች። ብትሞቱ ወደሷ ለመመለስ ረጅም መንገድ እየዘለላችሁ መሄድ አለባችሁ። በስንት መከራ ስትጥሏት ደግሞ ትፈነዳለች! ሞታም ትገድላችኋለች። እኔ እዚያ ጋ እጄን ሰጥቻለሁ። አልተጸጸትኩም። ጌሙ ድንቅ ነው፣ ሙዚቃው ድንቅ ነው፣ ግን ከሥራ መልስ በዚያ ሰዓት የምፈልገው እሱን አልነበረም። ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መርሳት ነው። ይሄ ብዙም አይወራለትም፤ በኔ ግምት ግን ከግድግዳው ይብሳል። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን ውሰዱ። በ2018 የወጣ ነው። ተጫወታችሁ፣ ወደዳችሁ፣ በመሀል ሌላ ነገር መጣ። ወራት አለፉ። አንድ ቀን «ዛሬ እቀጥላለሁ» ብላችሁ ሴቫችሁን ከፈታችሁ። የምትጫወቱበት ሰውዬ አርተር ፈረሱ ላይ ተቀምጧል። የት ሊሄድ ነበር? አይታወቅም። ከፊት ለፊት አንድ መንገደኛ መጣ። ሰላም ልበለው ብላችሁ ኮንትሮለሩ ላይ ኤል 2 የሚባለውን ቁልፍ ተጫናችሁ። የአርተር እጅ ባዶ ከሆነ ያ ቁልፍ ሰውዬውን አይቶ ሰላምታ መስጫ ነው። ሽጉጥ ከያዘ ግን ያው ቁልፍ ማነጣጠሪያ ነው! ሰውዬው እጁን ሰቅሎ ይለምናል፣ ምስክር ሮጦ ለሸሪፍ ይናገራል፣ እናንተ «እንዴት ነበር ሽጉጥ የሚመለሰው?» እያላችሁ ቁልፉን ሁሉ ትደባብሳላችሁ። ፈረሱ ደነበረ፣ ተኩስ ተጀመረ። ስክሪኑን አጥፍታችሁ ትነሣላችሁ። እስቲ ይሄ ያልደረሰበት ማነው?

ታሪኩን ብትረሱት እንኳ የጌሙ ማስታወሻ ገጽ ያስታውሳችኋል። እጃችሁን ግን ማንም አያስታውሳችሁም። በዚህ ላይ ሠሪዎቹንም እወቅሳለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ይሄን ተጫን፣ ይሄ ይሄን ይሠራል» እያሉ ያሠለጥኑናል። ከርሞ ለተመለሰ ሰው ግን አምስት ደቂቃ የሚያለማምድ ነገር ለማስቀመጥ የሚያስብ ስንቱ ነው?

ሦስተኛው ውፍረት ነው። ካርታው ሲከፈት ቅንቅን እንደወረረው በምልክት የተሞላ ጌም። እዚህ ሳጥን፣ እዚያ ማማ፣ እዚያ ማዶ የጠፋች ዶሮ ፈልግልኝ የሚል ሰው። የሚገርመው ምርጥ ጌሞችም ውስጥ አለ። ዜልዳ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ውስጥ ኮሮክ የሚባሉ 900 ፍሬ ትንንሽ ፍጥረቶች በየድንጋዩ ሥር ተደብቀዋል። 900! ሁሉንም ያገኘ ሰው ሽልማቱ ምን መሰላችሁ? ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በወርቅ የተሠራ ዓይነ ምድር ነው። (ሳቅ) እውነቴን ነው! ሠሪዎቹ በግልጽ እየነገሩን ነው፦ «ይሄን ሁሉ ሰብስቡ አላልናችሁም»። እኛ ግን አንሰማም።

አራተኛው ምክንያት ላይ ነው መቆየት የምፈልገው። መጨረሻው በር ላይ መቆም።

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ይሄንኑ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድን የሚጫወት። 120ውንም መቅደስ አግኝቷል። አራቱንም የማሽን አውሬዎች አስመልሷል። ምርጥ ሰይፍ፣ ምርጥ ጋሻ፣ ቦርሳው ሙሉ ምግብና መድኃኒት። የጠላት ቤተ መንግሥት ከየትኛውም ተራራ ላይ ይታያል። ጌሙ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው አምባ ስትወርዱ ጀምሮ «ከፈለጋችሁ ቀጥታ ሂዱ» የሚል ጌም ነው። እሱ ግን አልገባም። ዓመታት አለፉ፣ አልገባም! «ለምን?» አልኩት። «ገብቼ ጨርሼው ከዚያ ምን ልሠራ ነው?» አለኝ።

«ብትጨርሰውም እኮ ከውጊያው በፊት ወደነበርክበት ይመልስሃል፣ ሴቭህ ላይ ኮከብ ያደርግልሃል፣ ምንም አታጣም» አልኩት። ወይ ፍንክች።

ይሄን ሰው ሰነፍ ልትሉት ትችላላችሁ? ከኔም ከእናንተም በላይ ተጫውቷል። ጌም የሚሸጥበት ስቲም ላይ ሄዳችሁ የምትወዱትን ረጅም ጌም አቺቭመንት፣ ማለትም ተጫዋቾች የደረሱበትን ምልክት እዩ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስንት ከመቶው ሰው እንዳለፈ፣ የመጨረሻውን ደግሞ ስንት ከመቶው እንዳየ ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ ወደ ታች ሲንሸራተት ታያላችሁ። መጀመሪያ ላይ የወጣው ሰው አይገርመኝም፤ ሞከረው፣ አልወደደውም። የሚገርመኝ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ጫፍ ላይ የቆመው ነው።

እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ብዙ ጌሞች መጨረሻው ሲቃረብ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፦ «ከዚህ በኋላ መመለስ የለም፤ የቀረህ ነገር ካለ አሁን ጨርስ»። ለአሳቢነት ነው የጻፉት። ግን ምን ይሆናል? ታሪኩ ጦዟል፣ ልባችሁ ይመታል፣ ልትገቡ ነው። በዚያ ሰዓት «የቀረህ ነገር ካለ» ሲላችሁ ያቺ የጠፋችው ዶሮ ትዝ ትላችኋለች! ትመለሳላችሁ። ዶሮዋን ትፈልጋላችሁ፣ ሳጥኑን ትከፍታላችሁ፣ ማማውን ትወጣላችሁ። ግለቱ ይበርዳል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ከዚያ አዲስ ጌም ይወጣል። ያ ጌም እዚያው በር ላይ ሴቭ ተደርጎ ይቀራል። ያጣደፋችሁ ቦስ አይደለም ያሸነፋችሁ። ዶሮ ናት!

ባልደርስ ጌት 3ም ላይ ይሄንኑ አይቻለሁ። በ2023 የወጣው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ትልቁ ከተማ ስትገቡ በየበሩ ጉዳይ አለ፣ ሁሉም አጣዳፊ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ይደክመዋል። ግን ጌሙን ስለሚወደው አይተወውም፤ አዲስ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ከዜሮ ይጀምራል! የመጀመሪያውን ምዕራፍ በቃሉ የሚያውቅ፣ መጨረሻውን ያላየ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም? አለ። ፈገግታህን አይቼዋለሁ። (ሳቅ)

በነገራችን ላይ ሠሪዎቹ ራሳቸው ያልጨረሱትም አለ። ሃፍ ላይፍ 2 ኤፒሶድ ቱ በ2007 ታሪኩን መሀል ላይ ሰቅሎት ሄደ፤ ቀጣዩ ኤፒሶድ ሦስት እስካሁን የለም። የ2015ቱ ሜታል ጊር ሶሊድ 5 ደግሞ የተቆረጠ ሚሽኑ በቪዲዮ መልክ ልዩ እትሙ ውስጥ ነው የተገኘው፣ ያልተጠናቀቀ ሆኖ። ስለዚህ አንዳንዴ «አልጨረስኩም» ስትሉ ብቻችሁን አይደላችሁም።

እንደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ፣ ፎርትናይት፣ ፐብጂ ስላሉት ብዙ አልልም። ማለቂያ የላቸውም። ካንዲ ክራሽ ከ2012 ጀምሮ ደረጃ ሲጨምር ነው የኖረው። እነሱን መጨረስ የሚቻለው በመተው ብቻ ነው።

ሰዓቱን እያሳየኸኝ ነው፤ አይቻለሁ። ሦስተኛው ነጥብ አጭር ነው።

መተው ካልቀረ ወስናችሁ ተዉ። «እመለስበታለሁ» አትበሉ። ወይ ተመለሱ፣ ወይ «ይሄ ጌም ለኔ እዚህ ጋ አልቋል» በሉና ከኮንሶላችሁ አውጡት። ያ «እመለስበታለሁ» የተባለ ዝርዝር ሲከማች ዕዳ ይሆናል፤ ለመዝናናት ቁጭ ብላችሁ ዕዳ ነው የምታዩት። ለመጨረስ ከወሰናችሁ ደግሞ፣ ያ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ዶሮዋን ተዉና ግቡ። ግቡ! ዕረፍት መውሰድ ካለባችሁም ምዕራፍ ሲያልቅ አቁሙ እንጂ ውጊያ መሀል ላይ አታቁሙ። ስልካችሁ ላይም አንድ መስመር ጻፉ፦ የት ልሄድ ነበር፣ የትኛው ቁልፍ ምን ይሠራል።

ከባድ ከሆነባችሁ አቅልሉት። በ2018 የወጣው ሰለስት ተራራ የሚወጣበት ጌም ነው፤ ፈጣሪዎቹ ራሳቸው የረዳት ሞድ አስገብተውለታል፤ የጌሙን ፍጥነት መቀነስ፣ ጭራሽ አለመሞትም ይቻላል። «እንዲህ ከሆነ መጨረስ አይባልም» የሚለኝ ሰው አለ። ተራራው ጫፍ ላይ ወጥቷል አይደል? ወጥቷል። በቃ።

መጨረሻውን ዩቲዩብ ላይ ማየትስ? እዚህ ላይ እንጣላ ይሆናል። ታሪኩ ብቻ የያዛችሁ፣ ውጊያው የሰለቻችሁ ጌም ከሆነ እዩት። ምንም አይደለም። አውተር ዋይልድስን ግን እንዳትነኩት! ያ ጌም በየ22 ደቂቃው ፀሐይ ፈንድታ ከመጀመሪያው የምትነሡበት ነው። የምታገኙት መሣሪያ የለም፣ የምትጨምሩት ጉልበት የለም፤ የምታገኙት እውቀት ብቻ ነው። መጨረሻውን በቪዲዮ ያየ ሰው ሊጫወተው የቀረው ነገር የለም።

ለናሙና ያህል ሰሞኑን የጨረስኩትን ልንገራችሁ። ክሌር ኦብስኩር፣ ኤክስፔዲሽን 33። በኤፕሪል 2025 የወጣ የፈረንሳዮች ሥራ ነው። አንዲት ሠዓሊ በየዓመቱ ግዙፍ ድንጋይ ላይ ቁጥር ትጽፋለች፣ ያ ዕድሜ ያለው ሰው ሁሉ እንደ አቧራ ብን ብሎ ይጠፋል። ቁጥሩ ዓመት ዓመት ይወርዳል። ታዲያ እንዴት ጨረስኩት? ዋናው ታሪክ 30 ሰዓት ገደማ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ካርታው በምልክት አልተጨናነቀም። መጨረሻው ሲቃረብ ይሄም ጌም ዓለሙን ይከፍትላችኋል፣ ብዙ የጎን ሥራ ይሰጣችኋል። አልነካሁትም፤ ቀጥታ ገባሁ። ከጨረስኩ በኋላ ተመልሼ የጎን ሥራውን እየተዝናናሁ ሠራሁት፤ ያኔ ዕዳ አልነበረም።

ሴቭ ማጥፋት ለሚከብዳችሁ ደግሞ ኒር ኦቶማታን ልጠቁማችሁ። በ2017 የወጣ ነው። የመጨረሻው መጨረሻ ላይ ጌሙ አንድ ነገር ይጠይቃችኋል፦ ሌላ የማታውቁትን ተጫዋች ለመርዳት ያላችሁን ሴቭ በሙሉ ለማጥፋት ፈቃደኛ ናችሁ? አዎ ካላችሁ እውነትም ያጠፋዋል። የለፋችሁበትን ሁሉ፣ ዓይናችሁ እያየ። እኔ አዎ ብያለሁ። እናንተ ምን ትሉ ነበር? ይሄን ጥያቄ ለውይይቱ ትቼዋለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ማይኩን እያሳለፍኩ ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ ተነሡ። አንድ አደራ ብቻ፦ የኤክስፔዲሽን 33ን መጨረሻ እዚህ የሚናገር ሰው ካለ ከአዳራሹ የማስወጣው እኔ ራሴ ነኝ። (ሳቅ፣ ጭብጨባ)